የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪኖች የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና ንገረኝ» አለኝ። አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። የጸሐፊው ቋንቋ ያምራል፣ ሐሳባቸውንም አይደብቁም። ግን በጣም የምወደውን ነገር በተሳሳተ መንገድ ስላቀረቡት ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ፌራሪ በጨረታ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣው በስሙና በቀይ ቀለሙ ነው፤ የውድድር ታሪኩ የካታሎግ ማሳመሪያ ነው። ከሁሉም ውድ የሆነው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ሌማንን፣ የፈረንሳዩን የ24 ሰዓት ውድድር፣ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈም። በዘመኑም እንግሊዞቹና ጀርመኖቹ ጣሊያኖቹን ይቀጧቸው ነበር። በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ ውዱም ዛሬ መርሴዲስ ነው። መኪኖቹ ደግሞ ተጋጭተው፣ ተጠግነው፣ ዕቃቸው ተቀያይሮ ያለቁ ስለሆኑ ኦሪጅናል የሚባል ነገር የለም። ዋጋው የተነፋ ነው፣ ነገ ይተነፍሳል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከስሙ ልጀምር። ስም ብቻ ዋጋ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ሞንዲያልም ሚሊዮኖች ባወጣ ነበር። ሞንዲያል በ1980ዎቹ የተሠራ ፌራሪ ነው። ያው ቀይ ነው፣ ያው የፈረስ ምልክት አለበት፣ ከዚያው ከማራኔሎው ፋብሪካ ነው የወጣው። ዛሬ ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛል። ጂቲኦው በአሥር ሚሊዮኖች ነው። አንድ ስም፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት። ስሙ ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

«ብርቅ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። 275 ጂቲቢ ናርት ስፓይደር የሚባል ፌራሪ አለ። የተሠራው 10 ብቻ ነው። በጣም ውብ ነው፣ ባለ 12 ሲሊንደር ነው፣ አንዱ በ2013 በ27.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በቀጣዩ ዓመት ግን 36 ከተሠራው ከጂቲኦ አንዱ 38.1 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከሦስት እጥፍ በላይ የበዛው መኪና ነው ውዱ። ናርት ስፓይደር በዋናነት ለመንገድ የተሠራ ነው። ጂቲኦው የተሠራው ለውድድር ነው። ልዩነቱን እዚህ ላይ ፈልጉት።

ጸሐፊው ጂቲኦን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያዩት። ገበያው ግን እንደዚያ አያየውም። እያንዳንዷ መኪና የሻንሲ ቁጥር አላት፣ ከዚያ ቁጥር ጋር አብሮ የሚሄድ የሕይወት ታሪክ አላት፤ በየትኛው ቀን የት እንደሮጠች፣ ማን እንደነዳት፣ ስንተኛ እንደወጣች፣ የት እንደተጋጨች በየዓመቱ ተመዝግቧል። ገዢው የሚገዛው ያንን ነው። በ2018 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የተሸጠችውን 3413ን እንውሰድ። በ1962 የጣሊያን የጂቲ ሻምፒዮና በእሷ ተወሰደ። በ1963ም በ1964ም ታርጋ ፍሎሪዮ ላይ በምድቧ አንደኛ ወጣች። (ታርጋ ያው የኛው ታርጋ ነው። ፍሎሪዮ የተባለ ባለጸጋ በ1906 በሲሲሊ ተራሮች ውስጥ ያስጀመረው ውድድር ነው፣ ስሙም ለአሸናፊው ከሚሰጠው ሰሌዳ የመጣ ነው።) 3413 የተሸጠችው በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ዓመት 4153 የተባለችው በግል ሽያጭ 70 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጣች ተዘግቧል። እሷ ደግሞ በ1963 ሌማን ላይ 4ኛ የወጣች፣ በ1964 ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የመኪና ውድድር ያሸነፈች ናት። ይህ ውድድር በአንድ ሜዳ ላይ የሚዞሩበት አይደለም። መኪናው ለቀናት በሕዝብ መንገድ ላይ ይነዳል፣ በየመሃሉ በውድድር ሜዳዎች ላይ ይሮጣል፣ ተራራ ይወጣል። ይህን ሁሉ አንድ መኪና መቻል ነበረበት።

ወደ ሌማን እንምጣ። ጸሐፊው በጣም የተመኩበት ነጥብ ይህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ልስጠው።

እውነት ነው፣ ጂቲኦ በጠቅላላ ውጤት ሌማንን አላሸነፈም። ግን ለዚያ አልተሠራም። ሌማን ላይ በአንድ ሜዳ ብዙ ምድቦች ይሮጣሉ። ከላይ ያሉት ፕሮቶታይፕ የሚባሉት ናቸው፤ ለውድድር ብቻ የተሠሩ፣ ቀላል፣ አንዳንዴም ትልቅ ሞተር ያላቸው። ከታች የጂቲ ምድብ አለ፤ ጣሪያ ያለው፣ በመንገድ ላይ ሊነዳ የሚችል መኪና። ጂቲኦ ማለት ራሱ «ለጂቲ ምድብ የተፈቀደ» ማለት ነው። 3 ሊትር ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር፣ 300 ገደማ የፈረስ ጉልበት። በ1962 ሌማን ላይ ይህ መኪና በጠቅላላ ውጤት 2ኛም 3ኛም ወጣ። ከፊቱ የነበረው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ እሱም 4 ሊትር ሞተር ያለው ፕሮቶታይፕ ፌራሪ፣ ፊል ሂልና ኦሊቪዬ ዠንደቢያን የነዱት። በ1963ም ጂቲኦ 2ኛ ወጣ። ያኔም ያሸነፈው ሌላ ፌራሪ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቀድሞት ገባ ብሎ ታናሹን ተሸናፊ ማለት ምን ይባላል?

በዚያው በ1962 በአሜሪካው የሴብሪንግ ውድድር ላይ ሂልና ዠንደቢያን ጂቲኦውን ይዘው በጠቅላላ ውጤት 2ኛ ገቡ። የጂቲ አምራቾች ሻምፒዮናን ፌራሪ በዚህ መኪና በ1962፣ በ1963 እና በ1964 በተከታታይ ወሰደ። ሦስተኛውን ዓመት ግን ሳላስተባብል ልናገር። የአሜሪካኑ ሼልቢ ኮብራ በጣም ተጠግቶ ነበር፣ በ1964 ሌማን ላይ የጂቲውን ምድብ ያሸነፈው ኮብራ ዴይቶና ነው። በጣሊያን ሞንዛ ሊካሄድ የነበረው ውድድር መሰረዙ ፌራሪን አድኖታል። በቀጣዩ ዓመት ኮብራ ሻምፒዮናውን ወሰደ፣ ይገባውም ነበር። ጸሐፊው ይህን አንስተው ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

ስለ መኪናው አሠራር አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ሥራውን የጀመረው ጆቶ ቢዛሪኒ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1961 መጨረሻ ከፋብሪካው መሥራች ከኤንዞ ፌራሪ ጋር በተፈጠረ ጠብ እሱና ሌሎች ዋና ዋና ሰዎች ባንድ ጊዜ ፋብሪካውን ለቀቁ። መኪናው ገና አላለቀም ነበር። የቀረውን ሥራ ማውሮ ፎርጊየሪ ተረከበ። ዕድሜው 26 ነበር። ከወራት በኋላ መኪናው ሴብሪንግ ላይ ቆመ፣ ውጤቱንም ከላይ ጽፌዋለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

«ሌማንን ያሸነፈው ፌራሪ 250 ኤልኤም በ2025 ፓሪስ ላይ 34.88 ሚሊዮን ዩሮ ነው ያወጣው፣ ያላሸነፈው ጂቲኦ ግን 51.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ ታዲያ ድል ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ ጸሐፊው። ጥሩ ጥያቄ ነው። 51.7 ሚሊዮን ያወጣችው በ2023 ኒውዮርክ የተሸጠችው 3765 ናት። እሷ ባለ 4 ሊትር ሞተር ሆና በራሱ በፌራሪ የፋብሪካ ቡድን ስም የሮጠች፣ በ1962 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ 1000 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ በጠቅላላ ውጤት 2ኛ የወጣች መኪና ናት። ሌማን ላይ ግን አልጨረሰችም። ሁለተኛው መልስ ከመኪናው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ኤልኤም ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ያለ፣ ከሞላ ጎደል ለውድድር ሜዳ ብቻ የሚሆን መኪና ነው። ፌራሪ በጂቲ ምድብ እንዲመዘገብለት ጠይቆ ተከልክሏል። ጂቲኦን ግን ነድተኸው ወደ ውድድሩ ትሄዳለህ፣ ትወዳደርበታለህ፣ ነድተኸው ቤትህ ትመለሳለህ። ባለቤቶቹ ዛሬም ተሰባስበው በመንገድ ላይ ይነዱታል። እና 34.88 ሚሊዮን ዩሮ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሌሎቹን ኤልኤሞች እዩአቸው። በጠቅላላው 32 ተሠርተዋል፣ እንደዚህ ያለ ዋጋ የደረሰው ግን ማስተን ግሪጎሪና ዮኸን ሪንት በ1965 ያሸነፉበት 5893 ነው። ድል ዋጋ የለውም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ውሃ አያነሳም።

ቀጥሎ «እንግሊዞቹና ጀርመኖቹ ይቀጧቸው ነበር» የሚለው አለ። ጃጓር በ1950ዎቹ ሌማንን አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1951፣ 1953፣ 1955፣ 1956 እና 1957። ትልቅ ሥራ ነው፣ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ግን ሌማን በዓመት አንድ ቀን ነው። የስፖርት መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና በ1953 ሲጀመር ዓመቱን ሙሉ በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ አየር የሚሮጥ ሆነ። ከ1953 እስከ 1961 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ፌራሪ ሰባቱን ወሰደ። መርሴዲስ 1955ን፣ አስተን ማርቲን 1959ን። ጃጓር አንድም አላገኘም። ሌማን ራሱም ቢሆን ከ1960 እስከ 1965 ስድስት ዓመት በተከታታይ የፌራሪ ነበር።

ሚሌ ሚሊያን ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። ከብሬሺያ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በመንደርና በተራራ መሃል በተከፈተ መንገድ ላይ የሚሮጥ ውድድር ነበር። ከ1927 እስከ 1957 ድረስ 24 ጊዜ ተካሄደ። 21ዱን የጣሊያን መኪኖች አሸነፉ። የቀሩት ሦስቱ፦ 1931 እና 1955 መርሴዲስ፣ 1940 ቢኤምደብሊው። አልፋ ሮሜዮ ብቻውን 11 ጊዜ አሸንፏል። «የራሳቸው አገር ነው» ይባል ይሆናል፤ ታዲያ ታዚዮ ኑቮላሪ በ1935 ያረጀ አልፋ ይዞ ጀርመን ገብቶ፣ መርሴዲስንና አውቶ ዩኒየንን በገዛ ሜዳቸው በኑርቡርግሪንግ ያሸነፈበት ቀንስ? ማዘራቲስ? ከ200 ገደማ ቀጫጭን ቱቦ ተበይዶ በተሠራው ሻንሲው የተነሳ «የወፍ ጎጆ» የሚባለው ቲፖ 61 በዚሁ ኑርቡርግሪንግ 1000 ኪሎ ሜትሩን በ1960ም በ1961ም አሸንፏል።

በነገራችን ላይ የሚሌ ሚሊያ ነገር በቀጥታ ከዋጋ ጋር ይገናኛል። ዛሬ በየዓመቱ የሚደረገው የመታሰቢያ ጉዞ የሚቀበለው ከ1927 እስከ 1957 ባለው ውድድር ላይ የተሳተፉ ዓይነቶችን ነው። መኪናህ ከዚያ ወገን ከሆነ በር ይከፈትልሃል፣ ካልሆነ ገንዘብህ አይከፍተውም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ላለፈው ብቻ አይደለም።

የመርሴዲሱን ነጥብ በአጭሩ ልጨርሰው። በ2022 135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው 300 ኤስኤልአር ኡሌንሃውት ኩፔ አንድም ውድድር ሮጦ አያውቅም። ጸሐፊው ይህን እንደ ማስረጃ ነው ያቀረቡት፤ «ሳይሮጥም ውድ ነው» ብለው። ግን የተሠራው ለውድድር ነው። በ1955 ሌማን ላይ ከደረሰው አሰቃቂ አደጋ በኋላ መርሴዲስ በዓመቱ መጨረሻ ከውድድር ወጣ፣ ኩፔው ዕድሉን አላገኘም። ክፍት የሆኑት ወንድሞቹ በዚያው ዓመት ሚሌ ሚሊያንም ታርጋ ፍሎሪዮንም አሸንፈዋል። ሁለት ብቻ ነው የተሠራው፣ ሻጩም ራሱ ፋብሪካው ነበር። የ1956ቱን ሌማን ያሸነፈው ጃጓር ዲታይፕም በ2016 ወደ 21.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የውድድር ታሪክ ለጣሊያን መኪና ብቻ አይደለም የሚከፈለው፤ ጣሊያኖቹ ብዙ ስላላቸው ነው ከላይ የሚበዙት።

አሁን ልቤን የነካኝ ላይ ደረስኩ። «ኦሪጅናል የሚባል ነገር የለም፣ ቆርቆሮው ሁሉ ተቀይሯል» የሚለው ላይ።

ያደግሁት ጋራዥ አጠገብ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉትን ቃላት የሰማሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ጣሊያንኛ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን ባትላሜራ የሚለው ነው፤ ላሜራ በመዶሻ የሚመታ፣ የተጨራመተ በር ወስዶ በዓይኑ ብቻ እየለካ ወደ ነበረበት የሚመልስ ሰው። ይህ ቃል በፌራሪ አገር በሞዴና ውስጥም ይኸው ነው። የጂቲኦን አካል የሠራው ሰርጂዮ ስካልየቲ ባትላሜራ ነበር። ሠራተኞቹ የአሉሚኒየም ላሜራ በመዶሻ እየደበደቡ ነው ያን ቅርጽ ያወጡት። ማሽን አይደለም ያተመው። ለዚህም ነው ሁለት ጂቲኦዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ፍጹም አንድ የማይሆኑት።

እንዲህ የተሠራ መኪና ውድድር ላይ ሲጋጭ ባትላሜራው መልሶ ይመታዋል። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ይሮጣል። ያ የሕይወቱ አካል ነው። ማንም አይደብቀውም፤ ሲደበቅ ነው ችግሩ። በ2014 በ38.1 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠችው 3851 ከባድ ታሪክ አላት። በ1948 ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ወርቅ ያገኘው ፈረንሳዊው ኦንሪ ኦሬዬ በ1962 ፓሪስ አጠገብ ባለው የሞንሌሪ ሜዳ ላይ ሕይወቱ ያለፈው በእሷ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ተጠግና ለዓመታት ተወዳድራለች። ጨረታው ላይ የነበሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ደንበኛ ገዢ የሚጠይቀው «ተነክቷል ወይ?» ብሎ አይደለም። ሻንሲው የራሱ ነው? ሞተሩ ሲወጣ የነበረው ነው? ካምቢዮውስ? ፌራሪ ራሱ ይህን የሚመረምርና ማረጋገጫ የሚሰጥ ክፍል አለው፣ ፋብሪካው ያኔ የያዛቸውን መዝገቦች አውጥቶ ቁጥር ከቁጥር ያስተያያል። ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ኦሪጅናል የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይህ የዋጋ ልዩነት ከየት ይመጣል? ቅድም ያነሳሁት 5893 ኤልኤም ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ነበር። ስለ እሱ «ያለቀ ነው» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የዋጋው መተንፈስ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። አንድ ጊዜ ተንፍሷል። በ1989 እና በ1990 ገደማ ጂቲኦ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ገበያው ወደቀ፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ወረደ። በዚያን ጊዜ ለትርፍ ብለው የገቡ ተጎዱ። ዛሬም ነገ ይወርዳል ወይም ይወጣል ብዬ አልምልም፣ ማንንም ግዛ አልልም። ግን ወደ ኋላ ሄደን ደግሞ ታሪኩን እንየው። አንዱ ጂቲኦ ውድድር ከጨረሰ በኋላ ቴክሳስ ለሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ ተማሪዎች ሜካኒክነት እንዲለማመዱበት። በ1972 ትምህርት ቤቱ በ6,500 ዶላር ሸጠው። ያኔም ስሙ ፌራሪ ነበር። የሮጠውም ያንኑ ያህል ነበር። ያልነበረው ያንን ታሪክ የሚያነብ ሰው ነው። ዋጋው ያደገው መዝገብ የሚያገላብጡ፣ የድሮ ፎቶ የሚለቅሙ፣ የቀድሞ ሜካኒኮችን እየፈለጉ የሚጠይቁ ሰዎች ታሪኩን ቁጥር በቁጥር ስላወጡት ጭምር ነው።

አንድ ቦታ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። «ዋጋ የውድድር ችሎታ ፍትሐዊ መለኪያ አይደለም» ብለው በአንድ መስመር ነክተው አልፈዋል። ያቺን መስመር ይዘው ቢቀጥሉ ኖሮ እንዴት ያለ ጽሑፍ ይወጣቸው ነበር! ላምቦርጊኒ ሚዩራ ፋብሪካው አንድም ቀን ለውድድር ያላሰለፈው መኪና ነው፤ ፌሩቺዮ ላምቦርጊኒ ውድድር አይፈልግም ነበር። ዛሬ በሚሊዮኖች ይሸጣል፣ ለውበቱ። ላንቺያ ስትራቶስ ግን የፌራሪ ዲኖን ሞተር ይዞ በ1974፣ በ1975 እና በ1976 የዓለም ራሊ ሻምፒዮናን በተከታታይ ወስዷል፤ ሳንድሮ ሙናሪም ከ1975 ጀምሮ የሞንቴ ካርሎ ራሊን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፎበታል። ለመንገድ የተሠራው ስትራቶስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ነው የሚሸጠው። ላንቺያ ዴልታ ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ዓመት በተከታታይ የአምራቾች ሻምፒዮን ሆኗል፤ እሱማ ከስትራቶስም በጣም ይረክሳል።

ላንቺያ 037ም አለ። በ1983 አውዲ ኳትሮ በአራቱም ጎማ እየገፋ ሲመጣ፣ 037 በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ተገፍቶ የአምራቾቹን ሻምፒዮና በሁለት ነጥብ ብቻ ቀድሞ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ መኪና ያንን ሻምፒዮና ወስዶ አያውቅም። ጸሐፊው ስለ እሱ ቢጽፉ ከማንም ቀድሜ አነባለሁ።